አብያታ-ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ

አብያታ-ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ (አንዳንድ ጊዜ አቢጃታ-ሻላ ተብሎም ይጻፋል) በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ፣ በኦሮሚያ ክልል፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ሲከለል ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በውሃ የተሸፈነ ነበር። ስሙን ያገኘው በውስጡ ካሉት ሁለት ሐይቆች፣ ከአብያታና ከሻላ ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሲቋቋም ዋና ዓላማው የውሃ ወፎችን መጠበቅ ነበር። እስካሁን ከ400 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበውበታል።

ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤታሞች ቢሆኑም ጠባያቸው በጣም የተለያየ ነው። ሻላ ጥልቅ፣ ደሴቶች ያሉትና ዓሣ የሌለው ለማለት የሚያስደፍር ሐይቅ ነው። አብያታ ደግሞ ጥልቀት የሌለውና በአንድ ወቅት ዓሣ የበዛበት ነበር። ነጭ ፔሊካኖች በሻላ ደሴት ላይ ጫጩት እየፈለፈሉ ምግባቸውን ከአብያታ ያመጡ ነበር። ባለፉት አሥርት ዓመታት አብያታ ከግማሽ በላይ በመቀነሱ ይህ ትስስር ተቋርጧል። ስለዚህ ፓርኩ የውሃ አጠቃቀም የዱር እንስሳትን ሕይወት እንዴት እንደሚለውጥ ለመረዳት በኢትዮጵያ ካሉት ግልጽ ምሳሌዎች አንዱ ነው።

አቀማመጥና የአየር ጠባይ

ፓርኩ ከዝዋይ (ባቱ) ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው ዋና መንገድ በስተ ምዕራብ ተዘርግቶ ይገኛል። በሰሜን በኩል የቡልቡላ ከተማ፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ደግሞ አርሲ ነገሌ ይቀርቡታል። በስተ ምሥራቅ የላንጋኖ ሐይቅ ይጎራበተዋል፤ ላንጋኖ ግን የፓርኩ አካል አይደለም።

የፓርኩ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,540 እስከ 2,075 ሜትር ይደርሳል። ከፍተኛው ቦታ በሁለቱ ሐይቆች መካከል የቆመው የፊኬ ተራራ ነው። ከተራራው ላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው ሁለቱንም ሐይቆች በአንድ ጊዜ ያያል። የሻላ ውሃ ጥልቅ በመሆኑ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ የአብያታ ዳርቻ ደግሞ በሸሸው ውሃ ፋንታ በቀረው ጨውና ጭቃ ምክንያት ነጣ ያለ ነው።

አካባቢው ሞቃትና ደረቅ ነው። በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው በክረምት ይጥላል። በአንጻሩ ከሐይቆቹ ገጽ በዓመት የሚተነው ውሃ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው። ስለዚህ ሐይቆቹ ከላያቸው በሚዘንብባቸው ዝናብ ብቻ ሊኖሩ አይችሉም፤ ህልውናቸው ወንዞች በሚያመጡላቸው ውሃ ላይ የተመሠረተ ነው።

አፈጣጠር

ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ዛሬ አራት ሐይቆች ቢሆኑም ከ10,000 ዓመታት ገደማ በፊት፣ የአየር ንብረቱ ዛሬ ካለው ይልቅ ዝናባማ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። የዚያ ሐይቅ ወለል ከዛሬው የሻላ ወለል ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነበር። ሞልቶ ሲፈስም ትርፍ ውሃው ወደ ሰሜን፣ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄድ ነበር። የጥንቱን ሐይቅ ዳርቻ የሚያሳዩ እርከኖችና የሐይቅ ደለል ዛሬም በአካባቢው ኮረብታዎች ጥግ ይታያሉ። የአየር ንብረቱ እየደረቀ ሲሄድ ውሃው ወደ ዝቅተኛ ቦታዎች ተሰብስቦ አራቱ ሐይቆች ተለያዩ።

የሻላ ጉድጓድ ከዚያ ሁሉ በፊት የተፈጠረ ነው። በከፍተኛ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ወቅት ከምድር በታች የነበረው ቅልጥ አለት ሲወጣ ከላይ ያለው መሬት ወደ ውስጥ ተደረመሰ። እንዲህ ያለው ጉድጓድ ካልዴራ ይባላል። በሻላ ዳርቻ የሚፈልቁት ፍል ውሃዎች የመሬቱ ሙቀት አሁንም እንዳልበረደ ያሳያሉ። ከአንዳንዶቹ የሚወጣው ውሃ የፈላ ያህል ስለሚሞቅ ጎብኚዎች በቆሎና እንቁላል ይቀቅሉበታል፤ የአካባቢው ሰውም ለመታጠቢያና ለመታከሚያ ይጠቀምበታል።

ሁለቱ ሐይቆች

ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ሲሆን ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ ነው። የገጹ ስፋት ከ300 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጣና በገጽ ስፋት ከሻላ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በሚይዘው የውሃ መጠን ግን ሻላ ከጣና ይበልጣል፤ የጣና ትልቁ ጥልቀት 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነውና። ሻላ ውሃ የሚያገኘው እንደ ጊዱና ዳዳባ ካሉ ወንዞችና ከምንጮች ነው።

አብያታ ሙሉ በነበረበት ጊዜ እንኳ ትልቁ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ነበር። ዋናው የውሃ ምንጩ ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ነው። ዝዋይ ከአብያታ 60 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ትርፍ ውሃው በቡልቡላ በኩል ወደ አብያታ ይወርዳል። ዝዋይ ራሱ የሚሞላው ከጉራጌና ከአርሲ ተራሮች በሚመጡት በመቂና በቀታር ወንዞች ነው። ሁለተኛው የአብያታ መጋቢ ከላንጋኖ የሚወጣው ሆራ ከሎ ነው። በኦሮምኛ ሆራ ማለት ከብት የሚጠጣው ማዕድን ያለው ውሃ ማለት ነው።

ከሁለቱም ሐይቆች የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው የሚቀንሰው በትነት ሲሆን፣ በሚተንበት ጊዜ ወንዞቹ ያመጡት ጨውና ሶዳ ወደ ኋላ ይቀራል። በዚህ ምክንያት የሁለቱም ሐይቆች ውሃ ጨዋማና በጣም አልካሊ ነው፤ ፒኤቹ ከ9 በላይ ነው። ለመጠጥም ሆነ ለመስኖ አይሆንም።

መኖሪያ ሥፍራዎች

በፓርኩ ውስጥ በቅርብ ርቀት በርካታ ዓይነት መኖሪያዎች ይገኛሉ።

ክፍት ውሃ፦ በጨዋማው ውሃ ውስጥ ጥቃቅን ዋቅላሚዎች (አልጌዎች) ይበዛሉ። እነዚህ የፀሐይን ብርሃን ተጠቅመው የሚያድጉ የምግብ ሰንሰለቱ መነሻዎች ናቸው።

ጭቃማ ዳርቻ፦ የአብያታ ዳር ረባዳ በመሆኑ ውሃው ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ሰፊ ጭቃ ይሸፈናል ወይም ይገለጣል። በጭቃው ውስጥ የሚኖሩት የነፍሳት እጮች ረጅም እግርና ረጅም ምንቃር ያላቸው ወፎች ምግብ ናቸው።

የወንዝ አፎች፦ ቡልቡላና ሆራ ከሎ ወደ አብያታ በሚገቡበት ቦታ ጨዋማነቱ ይቀንሳል። የሐይቁ ዓሣዎች በብዛት የሚገኙት በነዚህ ቦታዎች ነበር። ወፎችም ላባቸውን ከጨው ለመታጠብና ለመጠጣት ወደዚያ ይሄዳሉ።

ደሴቶች፦ በሻላ ውስጥ ያሉት ደሴቶች ጅብና ቀበሮ የማይደርሱባቸው ስለሆኑ መሬት ላይ ጎጆ ለሚሠሩ ወፎች አስተማማኝ ናቸው።

የግራር ደን፦ የብሱን የፓርኩን ክፍል በዋናነት የሚሸፍነው የተለያየ ዓይነት ግራር ነው። በገደላማ ቦታዎች ቁልቋል፣ በሐይቅ ዳርና በወንዝ ዳር ደግሞ ሾላን የመሳሰሉ ዛፎች ይገኛሉ።

ነጭ ፔሊካኖች

ነጭ ፔሊካን በዓለም ካሉት ትላልቅ በራሪ ወፎች አንዱ ነው። ክንፎቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሜትር ሊደርሱ ይችላሉ፤ ክብደቱም 10 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። አንድ ፔሊካን በቀን ከ1 ኪሎ ግራም ያላነሰ ዓሣ ይበላል። በአፍሪካ ነጭ ፔሊካኖች በብዛት ተሰብስበው የሚፈለፍሉባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ የሻላ ደሴት ከነሱ አንዱ በመሆኑ ይታወቃል።

በዚህ ቦታ የፔሊካኖችን አኗኗር በጥልቀት ያጠኑት ሌስሊ ብራውንና በዚያን ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤሚል ኧርባን ናቸው። ውጤቱን በ1969 እ.ኤ.አ. አይቢስ በተባለው የአዕዋፍ ጥናት መጽሔት አሳትመዋል።

ፔሊካኖቹ በሻላ እየኖሩ ከአብያታ የሚመገቡበት ምክንያት በአካላቸው አሠራር ይብራራል። ጎጇቸውን በመሬት ላይ ስለሚሠሩ እንቁላሎቻቸውና ጫጩቶቻቸው ለአራዊት የተጋለጡ ናቸው፤ በሻላ ደሴት ላይ ግን ይህ ስጋት የለም። በሌላ በኩል ነጭ ፔሊካን እየጠለቀ ዓሣ አያድንም። በቡድን ሆኖ እየዋኘ ዓሣውን ወደ አንድ ቦታ ይሰበስብና ሁሉም ባንድነት ከምንቃራቸው በታች ያለውን ከረጢት ውሃው ውስጥ ነክረው ያፍሳሉ። ይህ ዘዴ የሚሠራው ጥልቀት በሌለውና ዓሣ በበዛበት ውሃ ነው። አብያታ ለዚህ ተስማሚ ነበር፤ በውስጡ የነበረው ዋነኛ ዓሣም ቆሮሶ ነው።

በተጨማሪም ፔሊካን ከባድ ስለሆነ ክንፉን ደጋግሞ እያርገበገበ ሩቅ መብረር ያደክመዋል። ስለዚህ ረፈድ ብሎ መሬቱ እስኪሞቅ ይጠብቃል። ሞቃት አየር ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር በዚያ እየተሽከረከረ ከፍ ይልና ክንፉን ዘርግቶ ወደሚፈልግበት ይንሳፈፋል። ከሻላ ወደ አብያታ ያለው መንገድ አጭር ነው። ፔሊካን ብዙ ጊዜ ሁለት እንቁላል ቢጥልም በአብዛኛው የሚያድገው አንድ ጫጩት ነው። ያም ጫጩት ለመብረር እስኪደርስ ከሁለት ወር በላይ ይፈጅበታል። በነዚህ ሳምንታት ሁሉ ወላጆች ዓሣ ማመላለስ አለባቸው።

ፍላሚንጎዎች

በፓርኩ ሁለት ዓይነት ፍላሚንጎዎች ይታያሉ። ትንሹ ፍላሚንጎ በዋናነት የሚመገበው ስፒሩሊና በመባል የሚታወቀውን ሰማያዊ-አረንጓዴ ዋቅላሚ ነው። ምንቃሩን ገልብጦ ውሃ ውስጥ በመክተት ውሃውን በምላሱ ያስገባል፤ ያስወጣል፤ ዋቅላሚው በምንቃሩ ውስጥ ባሉት ማጥለያዎች ይቀራል። ትልቁ ፍላሚንጎ ደግሞ የነፍሳት እጮችንና ሌሎች ጥቃቅን የውሃ ፍጥረታትን ከጭቃው እያጠለለ ይበላል። ሮዝማ ቀለማቸውን የሚያገኙት ከሚመገቡት ምግብ ነው።

ትንሹ ፍላሚንጎ የአንድ ሐይቅ ነዋሪ አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ የሚኖሩት አብዛኞቹ የሚፈለፍሉት በታንዛኒያው ናትሮን ሐይቅ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ዋቅላሚ ወደበዛበት የሶዳ ሐይቅ ይዘዋወራሉ። በሻላ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ አጠገብ ያለው ትንሹ የጭቱ ሐይቅም ብዙ ፍላሚንጎ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

ሌሎች ወፎች

ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት (ብርድ) ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎችና የዳርቻ ወፎች በአብያታ ዙሪያ ይሰፍራሉ። ለብዙዎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚያደርጉት ጉዞ ማረፊያ ናቸው። ዓሣ በል ንስርን የመሰሉ ወፎች በቀድሞው ጊዜ በአብያታ ዓሣ ይኖሩ ነበር። በግራሩ ደን ደግሞ ግንደ ቆርቁር፣ ሸማኔ ወፍ፣ ጭልፊትና ጥንብ አንሳ ይገኛሉ። ፓርኩ ለአዕዋፍ አስፈላጊ ተብለው በዓለም አቀፍ ደረጃ ከተለዩ የኢትዮጵያ ቦታዎች አንዱ ነው።

አጥቢ እንስሳትና ሰጎን

የግራንት የሜዳ ፍየል፣ ከርከሮ፣ አጋዘን፣ ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ቀበሮና ጅብ ከፓርኩ አጥቢ እንስሳት ውስጥ ይጠቀሳሉ። ቁጥራቸው ግን በደኑ መመናመን ምክንያት ከቀድሞው በጣም አንሷል። በዋናው መግቢያ አጠገብ በአጥር በተከለለው ቦታ ሰጎን፣ የሜዳ ፍየልና ከርከሮ በቀላሉ ይታያሉ። ጎብኚው እዚያ የሚያየው ሳርና ግራር የቀሪው ፓርክ መሬት ግጦሽና ቆረጣ ባይበዛበት ኖሮ ምን ይመስል እንደነበር ያሳያል።

የአብያታ መጉደል

አብያታ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ነበረው። የሳተላይት ምስሎች እንደሚያሳዩት በቅርብ ዓመታት ስፋቱ ከዚያ ከግማሽ በታች ሆኗል። አብያታ ከጎረቤቶቹ ሁሉ ይበልጥ የተጎዳው በሁለት ምክንያቶች ነው።

የመጀመሪያው ቅርጹ ነው። ሻላን እንደ እንስራ፣ አብያታን እንደ ትሪ ማሰብ ይቻላል። ከእንስራ አንድ ጣሳ ቢቀዳ የውሃው ገጽ ስፋት ብዙ አይለወጥም፤ ከትሪ ላይ ቢቀዳ ግን ውሃው ከጠርዙ ይሸሻል።

ሁለተኛው የመጨረሻ ተቀባይ መሆኑ ነው። ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሐይቅ ገጽ በዓመት 2 ሜትር ውሃ ቢተንና 0.6 ሜትር ዝናብ ቢተካ፣ የ1.4 ሜትር ጉድለት ይቀራል። ይህም 1.4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው። በዚህ ስሌት 200 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ሐይቅ ስፋቱን ለመጠበቅ በዓመት 280 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ከወንዞች ማግኘት አለበት። የሚገባው ውሃ በግማሽ ከቀነሰ ሐይቁ ትነቱ ከገቢው ጋር እስኪመጣጠን ድረስ ይጠባል፤ ማለትም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ስሌቱ የከርሰ ምድር ውሃን የማይጨምር ግምታዊ ስሌት ቢሆንም የነገሩን አካሄድ ያሳያል።

ለገቢው መቀነስ ዋናው ምክንያት በላይኛው ተፋሰስ የሚደረገው የውሃ አጠቃቀም ነው። በመቂና በቀታር ወንዞች፣ በዝዋይ ዳርቻና በቡልቡላ ወንዝ ላይ ለአትክልት፣ ለፍራፍሬና ለአበባ እርሻ የሚውል መስኖ ተስፋፍቷል። ዝዋይ ሲጎድል ወደ ቡልቡላ የሚፈሰው ይቀንሳል፤ በበጋ ወንዙ አብያታ ሳይደርስ የሚደርቅበት ጊዜ አለ። ከዚህ ሌላ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ በአብያታ ዳር የተቋቋመው የሶዳ አሽ ፋብሪካ ከሐይቁ ውሃ እየሳበ በገንዳዎች ውስጥ በፀሐይ በማትነን ሶዳውን ያወጣል። ሶዳ አሽ ለመስታወት፣ ለሳሙናና ለመሳሰሉት ምርቶች ግብዓት ነው። የዝናብ መለዋወጥም የራሱ ድርሻ አለው።

ውሃው ሲያንስ በውስጡ ያለው ጨው ስለማይቀንስ ጨዋማነቱ ጨመረ። ቆሮሶ ጨውን በመጠኑ ቢችልም ከተወሰነ ደረጃ በላይ ሊቋቋመው አልቻለም፤ የአብያታ ዓሣና በእሱ ላይ የተመሠረተው የማጥመድ ሥራ ቀስ በቀስ ጠፋ። ዓሣ በል ወፎችም አካባቢውን ተዉ። በሻላ ደሴት የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ዓሣ ለማግኘት እስከ ዝዋይ፣ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ለመሄድ ተገደዱ፤ ቁጥራቸውም ቀነሰ። ደሴቷ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ የጠፋው ከደሴቷ ውጭ ያለው ምግብ ነው።

ለውጡ ሁሉንም ወፎች እኩል አልጎዳም። ፍላሚንጎዎች ዓሣ ስለማይበሉ ፔሊካኖቹ ከሄዱም በኋላ በአብያታ በብዛት ሲታዩ ቆይተዋል። ስለዚህ በሐይቁ ላይ ብዙ ወፍ መታየቱ ብቻውን ሐይቁ ደህና መሆኑን አያረጋግጥም፤ የትኛው ወፍ እንደቀረና የትኛው እንደሄደ ማየት ያስፈልጋል።

ሰዎችና ፓርኩ

በፓርኩ ክልል ውስጥና ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከከብቶቻቸው ጋር ይኖራሉ። አብዛኞቹ አርብቶ አደሮችና ገበሬዎች የሆኑ የአርሲ ኦሮሞዎች ናቸው። ከፓርኩ መቋቋም በፊት ጀምሮ ከብታቸውን ሆራ ሲያጠጡና ሲያግጡ የቆዩ ስለሆኑ መሬቱን ከሰው ነፃ አድርጎ መጠበቅ አልተቻለም። ግራር እየቆረጡ ከሰል ማክሰል፣ ለግንባታ የሚውል አሸዋ ማውጣትና እርሻ ማስፋፋት የፓርኩን የብስ ክፍል ክፉኛ ጎድተውታል። ከሰሉና አሸዋው የሚሸጡት በአብዛኛው ለከተሞች በመሆኑ ጉዳቱ የአካባቢው ነዋሪ ብቻ የፈጠረው አይደለም።

ተመሳሳይ ሁኔታዎች

የኬንያው ናኩሩ ሐይቅ ብሔራዊ ፓርክ በተቃራኒው መንገድ ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ የናኩሩ ውሃ ከፍ እያለ ሄዶ ጨዋማነቱ ሲቀንስ ዋቅላሚው ተመናምኖ አብዛኞቹ ፍላሚንጎዎች ወደ ቦጎሪያና ሌሎች ሐይቆች ሄዱ። ሁለቱ ሲነጻጸሩ የሶዳ ሐይቅ እንስሳት የተመሠረቱት በውሃው መኖር ብቻ ሳይሆን በጨዋማነቱ ልክም እንደሆነ ይታያል።

በሀገር ውስጥ ደግሞ በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘው የሐሮማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ለመጠጥና ለመስኖ ከመጠን በላይ በመሳቡ ፈጽሞ ደርቆ ነበር። ከዓመታት በኋላ ውሃው መመለስ ጀምሯል። ይህም የደረቀ ሐይቅ ሁሉ ለዘላለም ጠፋ ማለት እንዳልሆነ ያመለክታል።

ጥበቃ

ፓርኩ በኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሥር ሲተዳደር ቆይቷል። ጠባቂዎቹ ከሰል አክሳዮችንና አሸዋ ጫኞችን ሊከላከሉ ይችላሉ፤ አብያታን የሚያደርቀው ውሳኔ ግን የሚሰጠው ከፓርኩ ወሰን ውጭ፣ በዝዋይ ዙሪያና ከዚያም በላይ ባሉት እርሻዎች ነው። በዚህ ምክንያት የሐይቆቹ መድኅን ተብሎ የሚቀርበው ሐሳብ ተፋሰሱን በሙሉ እንደ አንድ አድርጎ ማስተዳደር ነው፤ ማለትም የመስኖ ፈቃድ ሲሰጥ በቡልቡላ በኩል ወደ አብያታ መፍሰስ ያለበትን ውሃ አስቀድሞ መመደብ፣ ውሃ ቆጣቢ የመስኖ ዘዴዎችን መጠቀምና የደጋውን ደን መመለስ።

ፓርኩን ለመጎብኘት አመቺው ጊዜ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ወፎች የሚገኙበት የበጋ ወቅት ነው። በአብያታ ዳር የደረቀ የሚመስለው መሬት ከቅርፊቱ ሥር ለስላሳ ጭቃ ስለሆነ መኪናና ሰው ሊሰምጥበት ይችላል፤ ወደ ውሃው ለመቅረብ የፓርኩን አስጎብኚ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። የቀድሞው ዳርቻ የት እንደነበር ለማየትም አስጎብኚውን መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ከዚያ እስከ ዛሬው ውሃ ያለው ርቀት በእግር ረጅም ጉዞ ነው።